ተራውን የሸጠ ቡድን

(በጥቅምት 2025 መጨረሻ ቶሮንቶ ውስጥ ለተሰበሰቡ አማርኛ ተናጋሪዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

እናቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ልትጠይቀን ቶሮንቶ መጥታ ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ እኔና ልጄ ሆኪ ስናይ አጠገባችን ተቀመጠች። ጥቂት ተመለከተችና «ይኼማ ገና ነው» አለች። «ዱላው ያው፣ ግፊያው ያው። በረዶ ላይ ያወጣቸው ምን ቸግሯቸው ነው?» ወዲያው ሁለት ተጫዋቾች ጓንታቸውን ወርውረው ቡጢ ገጠሙ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውን ግን አላስተማሯቸውም» ብላ ወደ መኝታዋ ሄደች።

ዛሬ የማወራችሁ በረዶው ላይ ስለሚሆነው አይደለም። እሱን ከእኔ ይልቅ ልጆቻችሁ ያውቁታል። የእኔ ጉዳይ በየዓመቱ የካቲት መጨረሻና መጋቢት መጀመሪያ ላይ በስልክ ስለሚደረገው ንግድ ነው። የዚህች ከተማ ቡድን፣ ሜፕል ሊፍስ፣ ዋንጫ ካነሣ 58 ዓመት ሆነው፤ የመጨረሻው በ1967 ነበር። ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት ግን ዋንጫ ሊያነሣ የሚችል ቡድን እጁ ላይ ነበር። ያንን ዕድል ለመጠቀም ብሎም የነገውን ሸጠ እየተባለ ይወቀሳል። እኔ ወቀሳው ግማሹን ብቻ ያየ ይመስለኛል። መሸጥ ነውር አይደለም። ሽጦ ምን ገዛበት፣ የገዛውስ ስንት ክረምት ቆየለት፣ ጥያቄው እሱ ነው።

እግር ኳስ ለምትከታተሉ አንድ ነገር አስቀድሜ ላስረዳ። ሪያል ማድሪድ ተጫዋች ሲፈልግ ገንዘብ ከፍሎ ያመጣል። በሰሜን አሜሪካ የሆኪ ሊግ ግን በገንዘብ ብቻ ከሌላ ቡድን ኮከብ መግዛት የሚባል መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ሰው በሰው ይለወጣል፤ አለዚያም ሰው በተራ ይለወጣል። ተራው ይኸውላችሁ፦ በየዓመቱ በበጋው መግቢያ 32ቱ ቡድኖች አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች አንድ በአንድ ይመርጣሉ። ሰባት ዙር አለው። ደካማ የነበረው ቀድሞ ይመርጣል፣ ዋንጫ የወሰደው በዙሩ መጨረሻ ይመርጣል፤ ከላይ ላሉት ጥቂት ቦታዎች ዕጣ ይወጣል። ታዲያ አንድ ቡድን የራሱን የመምረጫ ተራ፣ የዘንድሮውንም የከርሞውንም፣ ለሌላ ቡድን አሳልፎ መስጠት ይችላል።

ይህን ለመረዳት የእኛን ያህል የታደለ ሕዝብ የለም። ዕቁብ እናውቃለና። የእኛ ዕቁብ ውስጥ አንድ እሑድ ስማችን የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተጠቅልለው ስኒ ውስጥ ገብተው፣ የጸሐፊያችን ትንሿ ልጅ አንዱን አወጣች። ዕጣው ለአንድ አዛውንት ደረሳቸው። ቤት ለመግዛት ቅድሚያ ክፍያ የጎደለው ሌላ አባል ነበርና ተነሥቶ «ጋሼ፣ ይሽጡልኝ» አለ። 500 ዶላር ጨምሮላቸው ተራቸውን ወሰደ። ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በየሳምንቱ ይከፍል ነበር፤ የሚጠብቀው ዕጣ ግን አልነበረውም። ልጆቹ ዛሬም በዚያ ቤት ውስጥ ናቸው። በዚያው ዕቁብ ውስጥ ሌላው ደግሞ ተራ ገዝቶ ለሠርግ ድንኳን አዋለው። ሠርጉ ያማረ ነበር፣ አልዋሽም። ሰኞ ጠዋት ግን ድንኳኑ ተነቀለ፤ ክፍያው ቀጠለ።

ቤትና ድንኳን የሚሉትን ሁለት ቃላት ያዙልኝ።

ተራው ለምን ውድ ሆነ? ልጁ ኮከብ ስለሚሆን ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ላይ ከተመረጡት ልጆች ብዙዎቹ በታላቁ ሊግ ስማቸው ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ ተራ የሚሸጡ ሥራ አስኪያጆች ሲከሰሱ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚል መልስ አላቸው፤ ላሟን ሸጥን እንጂ ወተት አልሸጥንም እንደ ማለት። መልሱ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የደመወዝ ጣሪያውን ይረሳል።

በ2004 ባለቤቶችና ተጫዋቾች በደመወዝ ተጣልተው የዚያ ዓመት ውድድር ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ሲታረቁ የደመወዝ ጣሪያ ተተከለ፤ በ2005 አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በሙሉ ከ39 ሚሊዮን ዶላር በላይ መክፈል አይችልም ተባለ። ጣሪያው እያደገ 81.5 ሚሊዮን ደረሰና ኮቪድ መጣ፤ ለሦስት ውድድር ዓመታት እዚያው ላይ ተቸነከረ። የቶሮንቶ አራት ኮከቦች፣ ኦስተን ማቲውስ፣ ጆን ታቫሬስ፣ ሚች ማርነርና ዊልያም ኒላንደር፣ አንድ ላይ 40 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይወስዱ ነበር። ለአንድ ጨዋታ ሃያ ሰው ይለብሳል። አራቱ ግማሹን ከወሰዱ፣ አሥራ ስድስቱ ቀሪውን ግማሽ ይካፈላሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ቡድን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ርካሽ ሆኖ ጥሩ የሚጫወት ሰው። ርካሽና ጥሩ ሰው ከየት ይመጣል? ከተራው። የተመረጠ ልጅ የመጀመሪያ ውሉ ሦስት ዓመት ነው፤ መነሻ ደመወዙም ከአንድ ሚሊዮን በታች የተወሰነ ነው። ስለዚህ ተራውን የሚሸጠው፣ ተራው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ቡድን ሆነ ማለት ነው። ዘንድሮ ሸጠ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ርካሽ ልጅ የለውም፤ ክፍተቱን ለመሙላት የዚያን ዓመት ተራ ደግሞ ይሸጣል። ከብድር ከፍሎ ብድር የሚወስድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ነው።

የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «የዝውውር መስኮት» ማለት ለምደዋል። የሆኪ ሰዎች ሌላ መስኮት አላቸው፤ አንድ ቡድን ለዋንጫ የሚበቃባቸውን ጥቂት ዓመታት መስኮት ይሏቸዋል። ተከፈተ፣ ጠበበ፣ ተዘጋ ይላሉ። እኔ የምጨምረው መስኮቱን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም ያው ልጆች መሆናቸውን ነው። ሲመጡ ርካሽ ናቸው፣ ያኔ ይከፈታል። ሲበስሉ ደመወዛቸው ያድጋል፣ ያኔ ይጠባል።

አሁን ወደ ደቡብ፣ ወደ ታምፓ ልውሰዳችሁ። በፍሎሪዳ፣ ዘንባባ ሥር፣ በረዶ በማቀዝቀዣ ብቻ በሚታይበት ከተማ ያለ የሆኪ ቡድን ነው። ላይትኒንግ ይባላል። ስቲቨን ስታምኮስን በ2008 በአንደኛ ተራ፣ ቪክተር ሄድማንን በ2009 በሁለተኛ ተራ አገኙ፤ እስከዚህ ድረስ የደካማ ቡድን ዕድል ነው። የሚያስገርመው ሌላው ነው። ኒኪታ ኩቸሮቭ በ2011 58ኛ፣ ብሬደን ፖይንት በ2014 79ኛ ተመረጡ። ግብ ጠባቂው አንድሬ ቫሲሌቭስኪ በ2012 የተመረጠበት 19ኛ ተራ ደግሞ የራሳቸው እንኳ አልነበረም፤ ከዲትሮይት በልውውጥ ያመጡት ነው። በሌላ ሰው ተራ የዘመኑን ታላቅ ግብ ጠባቂ ወሰዱ!

በ2018-19 ውድድር 62 ጨዋታ አሸነፉ፤ የሊጉን ክብረ ወሰን ተጋሩ። ከዚያ ጥሎ ማለፉ ሲጀመር፣ ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈው በሚያልፍበት ፍልሚያ፣ ኮሎምበስ አራት ለዜሮ አባረራቸው። አንድም ጨዋታ ሳያሸንፉ። ሌላ ሥራ አስኪያጅ ቢሆን በንዴት ኮከብ ይሸጥ ነበር። ጁሊየን ብሪዝብዋ ግን ኮከቦቹን አልነካም። በየካቲት 2020 ሁለት የማይታወቁ የሚመስሉ ሰዎችን ገዛ። ብሌክ ኮልማንን ከኒው ጀርሲ ሲያመጣ የ2019 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ልጅና አንድ የመጀመሪያ ዙር ተራ ሰጠ። ባርክሌይ ጉድሮውን ከሳን ሆዜ ሲያመጣ ደግሞ የራሱን የመጀመሪያ ዙር ተራ ሰጠ። ብዙ ሰው ሳቀ። ለሦስተኛ መስመር ለጉልበት ሠራተኛ ይህን ያህል?

ሳቂዎቹ ውሉን አላነበቡም። ኮልማን በዓመት 1.8 ሚሊዮን ዶላር፣ ጉድሮው 925 ሺህ ዶላር የሚከፈላቸው ነበሩ፤ የሁለቱም ውል ገና አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይቀረው ነበር። ይህ ማለት ሁለት ጥሎ ማለፍ ነው። ጣሪያው ለተጣበቀ ቡድን ሁለት ርካሽ ጥሩ ሰዎች፣ ለሁለት ዓመት። ድንኳን አይደለም። ትንሽም ብትሆን ቤት ናት።

በመስከረም 2020፣ በኮቪድ ምክንያት ተመልካች በሌለበት የኤድመንተን አዳራሽ፣ ዳላስን አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። በቀጣዩ ዓመት ፍጻሜው ላይ ሞንትሪያልን አገኙ። ሁለተኛው ጨዋታ፣ አንድ ለአንድ ናቸው፣ ከሦስቱ ክፍለ ጊዜያት ሁለተኛው ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ እንኳ አልቀረም። ጉድሮው በጎን በኩል ኳሱን፣ ይቅርታ፣ ፓኩን ይዞ ሮጠና ወደ መሃል ሰደደው። ኮልማን በረዶው ላይ ተወርውሮ፣ ሆዱ መሬት ሳይነካ ገና፣ በአንድ እጁ በያዘው ዱላ መታው። ገባ። ደወሉ ተከትሎ ጮኸ። ያን ጨዋታ ሦስት ለአንድ አሸነፉ፣ ዋንጫውንም በአምስት ጨዋታ ደገሙ። እኔ ያን ግብ ባየሁ ቁጥር ሁለት ወረቀት ይታየኛል፤ አንዱ ወረቀት አቀብሎ ሌላው ወረቀት ሲያገባ።

የተሰጡት ተራዎችስ ምን ሆኑ? ይህ ነው ጣፋጩ። ለጉድሮው የተሰጠው የታምፓ የራሱ ተራ፣ ታምፓ ዋንጫ ስለወሰደ፣ 31ኛ ሆነ፤ የዙሩ ጭራ። ሌላው 20ኛ ነበር። ካሸነፍክ የሸጥከው ራሱ ይረክሳል። ካልተሳካልህ ደግሞ የሸጥከው በገዢው እጅ ይወደዳል። ዋጋውን የምትወስነው ከሸጥክ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ገበያ መርካቶም የለም።

ካልተሳካልህ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ከዚህ አዳራሽ መውጣት አያስፈልገንም። መስከረም 2009 ላይ ቶሮንቶ ፊል ኬስልን ከቦስተን አመጣ። ዕድሜው 21፣ ያለፈውን ዓመት 36 ግብ ያገባ ልጅ ነበር። የተከፈለው የ2010 የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር ተራ፣ በዚያ ላይ የ2011 የመጀመሪያ ዙር ተራ። ያን ጊዜ ቶሮንቶ ከ2004 ጀምሮ ጥሎ ማለፍ አልገባም ነበር። መስኮት የሚባል ነገር አልተከፈተም፤ ግድግዳውም አልቆመም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ቶሮንቶ በዚያ ዓመት ከ30 ቡድኖች 29ኛ ወጣ፤ ቦስተን በተራው ታይለር ሴጊንን በሁለተኛነት መረጠ። በቀጣዩ ዓመት ተራው 9ኛ ሆነ፤ ዱጊ ሃሚልተንን ወሰዱ። ሰኔ 2011 ላይ ቦስተን ዋንጫ ሲያነሣ ሴጊን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ አብሮ አነሣ።

ኬስል ግን ሰነፍ አልነበረም፤ ስሙን ማጥፋት አልፈልግም። ስድስት ዓመት እዚህ ተጫወተ፣ ግብ አገባ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቡድኑ ጥሎ ማለፍ የገባው በ2013 አንዴ ብቻ ነው። ኋላ ፒትስበርግ ሄዶ በ2016ና በ2017 ዋንጫ ወሰደ። ስለዚህ «የሚቆይ ነገር ግዛ» የሚለው ብቻውን አይበቃም። ጣሪያ የገዛ ሰው ግድግዳ ከሌለው ጣሪያውን የት ያደርገዋል?

ከገዢው ወገን ደግሞ አንድ የቆየ ታሪክ አለ፤ ሞንትሪያል ላይ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሩታል። ሳም ፖሎክ የሞንትሪያል ካናዲየንስ ሥራ አስኪያጅ ነበር። በ1970 ኧርኒ ሂኪ የሚባል ወጣት አጥቂና የራሱን የዚያ ዓመት ተራ ለኦክላንዱ ደካማ ቡድን ለሲልስ ሰጥቶ፣ የሲልስን የ1971 የመጀመሪያ ተራ ተቀበለ። በዓይኑ ያለው ጊ ላፍለር ነበር፤ በኩቤክ ከተማ የወጣቶች ቡድን ውስጥ በአንድ ውድድር ዓመት 130 ግብ ያገባ ልጅ። ሲልስ መጨረሻ ከወጣ ላፍለር የሞንትሪያል ነው። ችግሩ ግን ክረምቱ አጋማሽ ላይ ከሲልስ የባሰ ሌላ ደካማ ተገኘ፤ ሎስ አንጀለስ። ፖሎክ ጥር 1971 ላይ ራልፍ ባክስትሮም የተባለውን ነባር ተጫዋቹን ለሎስ አንጀለስ ሰጠ። ተፎካካሪን አጠናከረ ማለት ነው፤ ሎስ አንጀለስ ከመጨረሻው ቦታ እንዲወጣ ያደረገው ነው ይባላል። ሎስ አንጀለስ ወጣ፣ ሲልስ ወረደ፣ ሰኔ ላይ ላፍለር በአንደኛ ተራ ለሞንትሪያል ተመረጠ። ከእሱ ጋር አምስት ዋንጫ ወሰዱ። የሚገርመው ሞንትሪያል ያን ተራ የተጠቀመው ዋንጫ በወሰደበት በዚያው ዓመት ነው። ሆዱ ጠግቦ ሳለ የነገውን እህል ከደካማው ጎተራ ሰበሰበ።

ወደ ታምፓ ልመለስ፤ ጥሩ ነጋዴም ይሳሳታል። በመጋቢት 2022 ብራንደን ሄግልን ከቺካጎ ሲያመጡ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ተራና ሁለት ወጣቶች ሰጡ። ዋጋው ያስደነግጣል። ሄግል ግን 23 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ሁለት ሙሉ ውድድር ዓመት በ1.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጫወትበት ውል ነበረው። በ2024-25 35 ግብ አገባ፤ ያገባውና ለግብ ያቀበለው ተደምሮ 90 ነጥብ አስመዘገበ። ቤት ነው፣ ያውም ባለ ፎቅ። በየካቲት 2023 ደግሞ ታነር ጄኖን ከናሽቪል ሲያመጡ አንድ ተከላካይና አምስት ተራ ከፈሉ፤ ከአምስቱ አንዱ የመጀመሪያ ዙር ነው። ጄኖ በመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ 24 ግብ አግብቶ ነበር። ታምፓ ላይ ያ ሰው አልመጣም። በ2024 ለሎስ አንጀለስ በሁለት ተራ ሸጡት። በ2023፣ በ2024ና በ2025 ታምፓ በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተ። አምበሉ ስታምኮስ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የኖረበትን ቤት ትቶ፣ በሐምሌ 2024 ናሽቪል ገባ። በተከታታይ ሁለት ዋንጫ የወሰደ ቡድን ግን እንዲህ ሲሆን አይለቀስለትም።

የሚለቀስለት የእኛው ነው። በሚያዝያ 2021 ቶሮንቶ ኒክ ፎሊኖን ከኮሎምበስ አመጣ። ዋጋው የመጀመሪያ ዙር ተራ፣ በላዩም ሁለት የአራተኛ ዙር ተራዎች። ውሉ በዚያው በጋ ያልቅ ነበር። በመደበኛው ውድድር ሰባት ጨዋታ ተጫወተ፤ ጉዳት ስላስቸገረው በጥሎ ማለፉ አራት። ቶሮንቶ ሞንትሪያልን በጨዋታ ሦስት ለአንድ እየመራ ተሸነፈ። ፎሊኖ በበጋው ቦስተን ገባ። ድንኳን ማለት ይህ ነው፤ ያውም ዝናብ ያስገባ።

ከሱ በፊትም አንድ የባሰ ነገር ነበር። ሰኔ 2019 ላይ የፓትሪክ ማርሎ ውል አንድ ዓመት ይቀረው ነበር፤ ዕድሜው 39፣ ጣሪያው ላይ የሚይዘው 6.25 ሚሊዮን። ቶሮንቶ ማርሎን እንዲረከብለት ለካሮላይና የ2020 የመጀመሪያ ዙር ተራ ሰጠ። ይህኛው ቤትም ድንኳንም አይደለም፤ ዕቃ ለማስጣል ለተሸካሚ የተከፈለ ዋጋ ነው። ተራው 13ኛ ሆነ፣ ካሮላይና ሴት ጃርቪስን መረጠ። ጃርቪስ በ2023-24 33 ግብ አገባ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

የካቲት 2023 ግን ለእኔ ልዩ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ቶሮንቶ ድንኳንም ቤትም ገዛ። ራያን ኦሪሊን ከሴንት ሉዊስ ሲያመጣ የዚያ ዓመት የመጀመሪያ ዙር ተራውን ከሌሎች ጋር ሰጠ፤ የኦሪሊ ውል በጋ ላይ ያልቃል። ጄክ መኬብን ከቺካጎ ሲያመጣ የ2025 የመጀመሪያ ዙር ተራውን ሰጠ፤ የመኬብ ውል ግን ሁለት ተጨማሪ ዓመት ነበረው፣ ቺካጎም ግማሹን ደመወዝ ለመክፈል ተስማማ። ቶሮንቶ በዓመት 2 ሚሊዮን ብቻ። መኬብ ዛሬም እዚህ ነው፤ ውሉንም አድሷል።

ስለ ኦሪሊ ግን አትፍረዱ። ጥሎ ማለፉ ላይ ታምፓን ስንገጥም፣ በሦስተኛው ጨዋታ አንድ ደቂቃ ሲቀር አቻ ያደረገው እሱ ነው። ሚያዝያ 29 ቀን በስድስተኛው ጨዋታ ታቫሬስ በጭማሪ ሰዓት ሲያገባ፣ ቶሮንቶ ከ2004 ወዲህ የመጀመሪያውን ዙር አለፈ። ያን ማታ ዳንፎርዝ ላይ ቡና እየጠጣን ነበር። መኪናው ሁሉ ጥሩምባ ነፋ፤ ሠርግ የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። ልጄ በማግስቱ የኦሪሊን ማሊያ፣ 90 ቁጥር፣ ካልገዛህልኝ አለኝ። ዋጋውን ሰምቼ ደነገጥኩ፤ ግን ሃያ ዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ነው ብዬ ገዛሁ። ፍሎሪዳ በአምስት ጨዋታ አሰናበተን። ሐምሌ አንድ ቀን ኦሪሊ ናሽቪል ፈረመ። ማሊያው ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ሁለት ወር ለበሰው።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያነሣውን ላንሣ። የ2025ቱን ተራ የሰጠው የያኔው ሥራ አስኪያጅ ካይል ዱባስ ነው። ዱባስ በግንቦት 2023 ከሥራው ወጥቶ ፒትስበርግ ገባ። ተራው በሚጎድልበት ቀን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ተተኪው ብራድ ትሬሊቪንግ ነው። የቡድኑ ሰዓትና የሥራ አስኪያጁ ሰዓት አንድ አይደሉም። ሥራ አስኪያጁ ዘንድሮ ካላሸነፈ ሊባረር ይችላል፤ ከአራት ዓመት በኋላ የሚመረጠው ልጅ የእሱ ልጅ አይደለም። በዕቁብ እንኳ ተራ የገዛ ሰው ከአገር እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል። እዚህ ግን ዋስ የለም፤ ዋሶቹ እኛ ማሊያ ገዢዎቹ ነን።

አዲሱም ሰው ያንኑ መንገድ ተከተለ። በመጋቢት 2025 ስኮት ላውተንን ከፊላደልፊያ ሲያመጣ የ2027ን፣ ብራንደን ካርሎን ከቦስተን ሲያመጣ የ2026ን የመጀመሪያ ዙር ተራ ሰጠ። በየልውውጡ አንድ አንድ ወጣትም ጨመረ። ተራው በጣም ከፍ ካለ እንዳይወሰድ የሚከለክል ቅድመ ሁኔታ ተጽፎበታል፤ ቢሆንም የ2025፣ የ2026ና የ2027 ተራዎች ሦስቱም በሌላ ሰው እጅ ገቡ። እውነቱን ለመናገር የካርሎ ውል እስከ 2027 የሚደርስ ስለሆነ ድንኳን ልለው አልችልም። ኦታዋን በስድስት ጨዋታ አለፍን። ፍሎሪዳን ሰባት ጨዋታ አደረስን፣ ሰባተኛውን እዚሁ ቤታችን ስድስት ለአንድ ተሸነፍን። በበጋው ማርነር ወደ ቬጋስ ሄደ፤ በምትኩ የመጣው ኒኮላ ሩዋ ነው።

መስኮቱ ተዘግቷል ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ማቲውስ አለ፣ ኒላንደር አለ። እኔ የምፈራው መዝጊያውን አይደለም፤ የሚቀጥለውን መስኮት የሚከፍቱ ልጆች ከየት ይመጣሉ የሚለውን ነው።

ለዚህ ሁለት ልጆች ልጥራላችሁ። በ2021 ቶሮንቶ ሁሉንም ሸጦ በሰባቱ ዙር ሦስት ተራ ብቻ ቀርቶት ነበር። የመጀመሪያው 57ኛ። በዚያ ማቲው ናይስን መረጡ። ብዙ ቡድን በልውውጥ ሲጠይቀው «እሱን አንነካም» አሉ፤ ዛሬ ከማቲውስ ጎን ይሰለፋል። እሱም ባይኖር የቡድኑ ነገር ምን ይሆን ነበር! ሁለተኛው ኢስተን ካወን ነው። በዚያው በየካቲት 2023፣ ኦሪሊ በመጣ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ራስሙስ ሳንዲን የሚባል ወጣት ተከላካይ ለዋሽንግተን ተሰጥቶ የቦስተን የመጀመሪያ ዙር ተራ ተገኘ። 28ኛ ሆነና ካወን ተመረጠበት። ለንደን ኦንታሪዮ ተጫውቶ አደገ፤ በዚህ ዓመት የመታሰቢያ ዋንጫ (ሜሞሪያል ካፕ) የሚባለውን የወጣቶች ዋንጫ ከቡድኑ ጋር አንሥቶ የውድድሩ ኮከብ ተባለ። በዚህ ጥቅምት ደግሞ የቶሮንቶን ማሊያ ለበሰ።

ልጄ አሁን አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት የካወንን ማሊያ ግዛልኝ አለኝ። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ 90 ቁጥሩን አሳየሁትና ቆይ አልኩት፤ መጋቢት ይለፍ።